የቴሌቪዥን ሚዛንና የማዘጋጃ ቤት አገልግሎት ቅነሳ



በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ በላንካሸር አውራጃ፣ ፕሬስተን የምትባል ከተማ አለች። በዚህች ከተማ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖሩ ቤተሰቦች ለስድስት ሳምንት ያለ ማዘጋጃ ቤት አገልግሎት እንዲኖሩ ተደረገ። የቆሻሻ ማጠራቀሚያቸው ተነሣ፤ የመንገዱ መብራት ጠፋ። በምትኩም «ካውንስል ታክስ» የሚባለው የመኖሪያ ቤት ግብር የዚያው ጊዜ ድርሻ ተመልሶላቸው፣ በገንዘቡ የጎደለባቸውን ሁሉ ተመካክረው ራሳቸው እንዲያሟሉ ተነገራቸው። ካሜራው ግን አልተለያቸውም። ይህን ሙከራ ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በሜይ 2011 በአንደኛው የቴሌቪዥን ጣቢያው አሳየው። አቅራቢው በዚያን ጊዜ የድርጅቱ የፖለቲካ ጉዳዮች አዘጋጅ የነበረው ኒክ ሮቢንሰን ሲሆን፣ የፕሮግራሙም ስም «ሁሉን የቆረጠው መንገድ» የሚል ነበር።

ጊዜው ትኩስ ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት፣ በኦክቶበር 2010፣ የብሪታንያ ጥምር መንግሥት የአራት ዓመት የወጪ ዕቅዱን አውጥቶ፣ ማዕከላዊው መንግሥት ለአካባቢ ምክር ቤቶች የሚሰጠው ድጎማ የዋጋ ንረት ታስቦ ከሩብ በላይ እንደሚቀነስ አስታውቆ ነበር። ስለዚህም ፕሮግራሙ ገና ሳይቀዘቅዝ ወገናዊ ነው የሚል ክስ ተነሣበት። ቅነሳውን የሚደግፉ ሰዎች፣ ሁሉም አገልግሎት ይቁም ያለ ፖለቲከኛ ሳይኖር ሁሉንም አቁሞ ማሳየት ለምክር ቤቶች ጥብቅና መቆም ነው አሉ።

ለመሐንዲስ ጆሮ ይህ ክስ ከንቱ አይደለም። አንድ ምሰሶ የሚሸከመው ጭነት በሩብ ቢጨምር ምን ይሆናል ተብሎ ሲጠየቅ፣ ምሰሶውን ነቅሎ «ጣሪያው ወደቀ» ብሎ መመለስ የጭነት ሙከራ አይባልም። የዋጋው ስሌትም እንዲሁ ያጋደለ ነበር። አንድ የቆሻሻ መኪና በአንድ ዙር የብዙ መንገዶችን ቆሻሻ ሲያነሣ ለአንድ ቤት የሚደርሰው ወጪ ትንሽ ነው፤ ለአንድ መንገድ ብቻ የተከራዩት እንደሆነ ግን የነጋዴው ዋጋ ሌላ ነው። ከዚህም በላይ በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ምክር ቤቶች ከሚያወጡት ገንዘብ የቤት ግብሩ የሚሸፍነው ሩብ ያህሉን ብቻ ነበር። የቀረው ከማዕከላዊው ግምጃ ቤትና ከሌሎች ገቢዎች የሚመጣ ነው። እንግዲህ ነዋሪዎቹ የዋጋውን ሩብ ተቀብለው ሙሉውን ዕቃ እንዲገዙ ተጠየቁ ማለት ነው።

በፕሬስተን ደግሞ «ማዘጋጃ ቤት» የሚባለው ነገር አንድ አይደለም። ቆሻሻውን የሚያነሣው የከተማው ምክር ቤት ነው፤ መንገዱን፣ መብራቱን፣ ቤተ መጻሕፍቱንና የአረጋውያንን እንክብካቤ የያዘው የላንካሸር አውራጃ ምክር ቤት ነው። የሁለቱም ሒሳብ በአንድ ወረቀት ይመጣል። በእንግሊዝ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ወረቀት ያውቁታል፤ ገንዘቡ ለነማን እንደሚከፋፈል ለማየት ገልብጦ የሚያነበው ግን ከነሱም ሆነ ከአገሬው ሰው ጥቂት ሳይሆን አይቀርም።

ይሁን እንጂ ከሳሾቹ ያላዩት፣ ከዚህ ሁሉ የከበደ ሌላ መዛባት ነበረ፤ ያዘነበለውም እነሱ ወዳሉት አቅጣጫ ሳይሆን ወደ ተቃራኒው ነው። ይኸውም የጊዜው ልክ ነው።

ቆሻሻ በሳምንቱ ይሸታል፤ የመንገድ መብራት መጥፋት በመጀመሪያው ምሽት ይታያል። የአስፋልት መንገድ ግን ጥገናው ቢቋረጥ በስድስት ሳምንት ውስጥ አንዳች ለውጥ አያሳይም። በመጀመሪያ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ትወጣለች። በስንጥቋ ውሃ ይገባል፤ በብርዱ ወራት ውሃው በረዶ ሆኖ ሲያብጥ ስንጥቁን ያሰፋዋል፤ የተሽከርካሪ ክብደት ሳያሰልስ ይመላለስበታል። ከዓመታት በኋላ፣ በወቅቱ በጥቂት ሬንጅ ሊደፈን ይችል የነበረው ቦታ እስከ መሠረቱ ተቆፍሮ እንደገና የሚሠራ ይሆናል። የጎርፍ መውረጃ ቦይ ሳይጠረግ ቢከርም ብርቱ ዝናብ እስኪጥል ድረስ ማንም አያስተውለው። የድልድይ ምርመራ በአንድ ዓመት ቢታለፍ ድልድዩ በዚያው ዓመት አይወድቅም፤ ምናልባትም በአሥር ዓመት አይወድቅም፤ የሚጠፋው በመጀመሪያ ድልድዩ ሳይሆን ስለ ድልድዩ ያለው ዕውቀት ነው።

የሰውም ነገር ከዚህ አይለይም። ጠዋት ጠዋት አጣቢና አልባሽ የሚላክላት አረጋዊት፣ ወላጆቹ ሊያሳድጉት ስላልቻሉ ምክር ቤቱ የተረከበው ሕፃን፣ ከምክር ቤቶች ወጪ ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት እነዚህን የመሰሉ ሰዎች ናቸው። በአንድ መንገድ ላይ አንድም ላይገኙ ይችላሉ፤ ቢገኙም ለሙከራ ተብሎ እንክብካቤያቸውን ማቋረጥ ወንጀል ይሆናል። ስለዚህ ከሥዕሉ ውጭ ይቀራሉ። በዚህ አዘጋጆቹን በክፉ ሐሳብ መጠርጠር ተገቢ አይሆንም። ትርዒት የሚፈልገው ቶሎ የሚበላሸውንና ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያከራክረውን ነገር ነው፤ ቀስ ብሎ የሚበላሸውን የሚያይ መነጽር ለመጀመሪያውም አልተሰጠውም።

ከዚያ በኋላ በእውን የሆነው ምንድን ነው? የብሪታንያ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት በማርች 2018 ባወጣው ዘገባ፣ ከ2010-11 እስከ 2017-18 የበጀት ዓመት ማዕከላዊው መንግሥት ለእንግሊዝ ምክር ቤቶች የሚሰጠው ገንዘብ የዋጋ ንረት ታስቦ በ49.1 በመቶ መቀነሱን፣ የቤት ግብሩ ሲጨመርበት ደግሞ የምክር ቤቶቹ የመክፈል አቅም በ28.6 በመቶ መውረዱን ገለጸ። ቅነሳው ግን በሁሉም ላይ እኩል አልወደቀም። የአረጋውያንና የሕፃናት እንክብካቤ በሕግ ግዴታ የሆነ አገልግሎት ስለሆነ ምክር ቤቶቹ እሱን ለማዳን ተጣጣሩ። እስከ 2016-17 ድረስ ለዚህ የዋለው ወጪ የቀነሰው በ3.0 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ የሌሎቹ አገልግሎቶች ወጪ በጠቅላላው በ32.6 በመቶ ወረደ። መንገድና ትራንስፖርት፣ የከተማ ፕላን፣ ቤተ መጻሕፍት በዚህ ውስጥ ናቸው። እንክብካቤውም ቢሆን ተረፈ ማለት አይደለም፤ የአረጋውያኑ ቁጥር እያደገ ሳለ ወጪው ባለበት እንኳ አልቆየም።

ቆሻሻው ግን በብዙ ቦታ የመነሻው ጊዜ ቢራራቅም መነሣቱን አላቆመም። ፕሮግራሙን አይቶ የቅነሳ መልክ የቆሻሻ ክምርና ጨለማ መንገድ ነው ብሎ የተማረ ተመልካች፣ በነጋታውም በዓመቱም በመስኮቱ ቢመለከት ማጠራቀሚያው ባዶ፣ መብራቱም እንደበራ ነው። «ይኸው ምንም አልሆነም» ቢል ማን ይፈርድበታል? ለምክር ቤቶች ወገነ የተባለው ትርዒት ሳያስበው ቅነሳውን የሚሸፍን መጋረጃ ሆነ። በፌብሩዋሪ 2018 የኖርዝሃምፕተንሸር አውራጃ ምክር ቤት አዲስ ወጪ እንዳይደረግ የሚከለክል ማስታወቂያ ሲያወጣ፣ በሴፕቴምበር 2023 ደግሞ የበርሚንግሃም ከተማ ይህንኑ ሲያደርግ ነገሩ ለብዙ ሰው እንግዳ ነበር። የበርሚንግሃም ችግር ከቅነሳው ብቻ የመጣ አይደለም፤ የሴት ሠራተኞች የእኩል ክፍያ ዕዳና የከሸፈ የኮምፒዩተር ሥርዓትም አሉበት። ቢሆንም አቅሙ የሳሳ ምክር ቤት እንዲህ ያለውን ሸክም የሚችልበት ትከሻ አልነበረውም።

በዚያችው በበርሚንግሃም፣ በጃንዩዋሪ 2014፣ ቻናል ፎር የተባለው ጣቢያ ብዙዎቹ ነዋሪዎች በመንግሥት ድጎማ ይኖሩበታል የተባለ አንድ መንገድ መርጦ «የድጎማ መንገድ» በሚል ስም ተከታታይ ትርዒት አሳይቶ ነበር። ያኔ ደግሞ ክሱ ከሌላው ወገን መጣ፤ ድሆችን አዋረደ ተባለ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍኮም አቤቱታዎቹን መርምሮ ደንብ አልተጣሰም አለ። ምናልባት ደንብ አልተጣሰ ይሆናል፤ ነገር ግን ናሙናውን አስቀድሞ መርጦ በናሙናው ስም አገር ላይ መፍረድ በማናቸውም ላቦራቶሪ የሚያስነቅፍ ሥራ ነው። የፕሬስተኑ መዛባት ከዚህ ይልቅ ለማየት አስቸጋሪ የሆነው አዘጋጆቹ ከልብ ሙከራ እንደሚያደርጉ ስላመኑ ነው።

ካሜራው ከፕሬስተን ከሄደ በኋላ በከተማዪቱ የሆነውን ለመሐንዲሶች ማስታወሱ ይጠቅማል። በ1969 የተሠራው የፕሬስተን አውቶቡስ ጣቢያ፣ 80 አውቶቡሶች የሚቆሙበት፣ በላዩም ከ1,000 በላይ መኪናዎች የሚይዝ፣ የኮንክሪት ጠርዞቹ እንደ ማዕበል የታጠፉ ትልቅ ሕንፃ ነው። የስትራክቸር ሥራው የኦቭ አራፕ ድርጅት ነው። በዲሴምበር 2012 የከተማው ምክር ቤት ሕንፃውን ለማቆየትና ለማደስ የሚጠይቀውን ገንዘብ በጀቱ እንደማይችል ገልጾ እንዲፈርስ በመርኅ ወሰነ። በሴፕቴምበር 2013 በቅርስነት ተመዝግቦ ከመፍረስ ዳነ፤ በኋላም የአውራጃው ምክር ቤት ተረክቦ አሳደሰው። ያው የአውራጃ ምክር ቤት በ2016 ገንዘብ አጥሮት ከሃያ በላይ ቤተ መጻሕፍት ዘጋ፤ ከ2017ቱ ምርጫ በኋላ ብዙዎቹ እንደገና እንዲከፈቱ ተደረገ። ተዘግቶ እንደገና የተከፈተ ቤተ መጻሕፍት ወይም አርባ ዓመት ሙሉ ቀስ እያለ ያረጀ ኮንክሪት በስድስት ሳምንት ቀረጻ ውስጥ አይገባም። የመንገዱ መብራት ግን ስድስቱ ሳምንት እንዳለቀ ተመልሶ በርቷል።