ወይባና የፊት ቅባት



በወልድያ፣ በመርሳና በሐብሩ ገጠር የሴቶች የቆዳ እንክብካቤ ከጥንት ጀምሮ የቤት ውስጥ ሞያ ነው። ሙሽራይቱ ሰውነቷን በቅቤ ታሽታ፣ ጢሱ ከሚወጣበት ጉድጓድ ላይ በወፍራም ልብስ ተሸፍና ወይባ ትሞቃለች፤ ቆዳዋም ለስልሶ ወደ ብጫነት ያደላል። በእኔ አስተያየት የሞያው ምስጢር ከእንጨቱ ይልቅ በባልቴቲቱ ዘንድ ነው። የምትሞቀውን ሴት ታውቃታለችና ለአንዷ እሳቱን ታበረታለች፤ ለሌላዋ ትቀንሳለች፤ ራሷን ያዞራትንም ፈጥና ወደ ነፋስ ታወጣለች።

ፊትን ያቀላል እየተባለ የሚሸጠው ቅባት ግን ወደ ቤት ሲገባ አብሮት የሚገባ አዋቂ የለም። ከእነዚህ ቅባቶች በአንዳንዶቹ ክሎቤታሶልን የመሰለ ብርቱ መድኃኒት ይገኛል። ይህ መድኃኒት ሐኪም ለችፌ ሲያዝዘው ይጠቅማል፤ ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ግን ቆዳን ያሳሳል፤ ደም ሥርን ያጎላል፤ ብጉር ያወጣል። በድንገት ሲተውም ፊት እሳት እንደ ነካው ይለበልባልና ሴቲቱ ደንግጣ ወደዚያው ቅባት ትመለሳለች። ሜርኩሪ ያለበት ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል።

ይህንኑ ቅባት ለእኅቶቻችን በስጦታ የምንወስደው፣ አፍረን እንናገረው እንጂ፣ እኛው ደመወዝተኞቹ ነን። ሐኪም እንደ ባልቴቲቱ እቤት ድረስ ቢመጣ መልካም በሆነ ነበር፤ እስከዚያው ግን ቅባቱን የጀመረች እኅት ቱቦውን እንደ ያዘች ሐኪም ዘንድ ትቅረብ፤ እርሱም ቆዳዋን አይቶ ቀስ በቀስ ያስተዋታል።