የትኛውን የትግል ጥበብ እንማር? ከዚያስ በፊት ለምን?

(በተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በስፖርት ኮሚቴው ስም የተደረገ ንግግር)



ኮሚቴያችን በጂምናዚየሙ ውስጥ በሳምንት ሦስት ምሽት የሚሰጥ አንድ የማርሻል አርት ትምህርት ለመክፈት ባሰበ ጊዜ በየመኝታ ቤቱ የምርጫ ወረቀት አዙሮ ነበር። ወረቀቱ ሲመለስ አንዱ ካራቴ፣ አንዱ ቴኳንዶ፣ አንዱ ጁዶ፣ ሌላውም ቦክስ ብሎ ጽፎ አገኘነው። ምርጫውን ያልጻፈ የለም፤ ምክንያቱን የጻፈው ግን ጥቂት ነው። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና፣ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ይህን ጥበብ የምንፈልገው ለምን እንደሆነ ከእናንተ ጋር ለመመርመር በፊታችሁ ቆመናል።

በወረቀቱ ካነበብነውና በየጠረጴዛው ዙሪያ ከሰማነው ምክንያቶቹ በአራት የሚከፈሉ መስሎናል።

አንደኛው ፍርሃት ነው። ይህን የምንለው ማንንም ለማሳፈር አይደለም። ማታ በሦስት ሰዓት ከቤተ መጻሕፍት ወጥታ በጨለማ ወደ መኝታ ክፍሏ የምትሄድ እኅታችን የምትፈራው እውነተኛ ነገር ነው። ለእርሷ ደህና አሠልጣኝ አስቀድሞ የሚያስተምራት አደጋን ከሩቅ ማየትን፣ መጮኽን፣ የተያዘ እጅን ማላቀቅንና ማምለጥን ነው። ጩቤ የያዘን ሰው በባዶ እጅ ታሸንፋላችሁ ብሎ ተስፋ የሚሰጥ አሠልጣኝ ቢኖር ከእርሱ መራቅ ይሻላል። ደግሞም መንገዱ መብራት ከሌለው፣ የጎደለው አምፖል እንጂ ካራቴ አይደለም። ማኅበራችን መብራቱን ይጠይቅ፤ እኅቶቻችን ሠልጥነዋል ተብሎ ጥያቄው እንዳይቀር።

ሁለተኛው ቂም ነው። ይህን በወረቀት ላይ የጻፈ የለም፤ ነገር ግን ሰምተነዋል። በተማሪዎች መካከል ጠብ በተነሣ ጊዜ የተመታ፣ ወይም ጓደኛው የተመታበት ሰው፣ «ሁለተኛ እንዲህ አልሆንም» ብሎ ይነሣል። ቁጣው ይገባናል። ሆኖም አንዲትን የመጣል ስልት እምቢ ብሎ በሚታገል ሰው ላይ በትክክል ለመፈጸም ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያስፈልጋሉ። ያን ሁሉ ጊዜ ቂሙን ሲመግብ የቆየ ሰው፣ ጠላቱ ቢታረቀው እንኳ የተማረው እንዳይባክንበት ሌላ ጠላት መፈለጉ አይቀርም። እንዲህ ያለው ሰው በመቶ ሲባዛ ግቢያችን ሁለት የጦር ሰፈር ይሆናል። ኮሚቴው ከሁሉ አብልጦ የሚሰጋው ይህን ነው።

ሦስተኛው መታየት ነው። ፊልም ያላየ በመካከላችን የለም፤ ጥቁር ቀበቶ ታጥቆ በግቢው ውስጥ መታወቅን የሚመኝም ብዙ ነው። ይሁን እንጂ በጃፓን ቋንቋ የመጀመሪያው የጥቁር ቀበቶ ማዕረግ ሾዳን ይባላል፤ ትርጉሙም የመጀመሪያ ደረጃ ማለት ነው። እኛ የፍጻሜ ምልክት የሚመስለንን እነርሱ የመጀመር ምልክት ያደርጉታል። ለመታየት የገባ ሰው ይህን በሰማ ጊዜ ወይ ይወጣል፣ ወይ ምክንያቱን ይለውጣል።

አራተኛው ጤና ነው። ቀኑን ሙሉ በወንበር ላይ ጎብጦ የሚውል ተማሪ ሰውነቱን ማንቀሳቀስ ይፈልጋል። ይህ መልካም ምክንያት ነው፤ ግን ብቻውን ከሆነ ሩጫና እግር ኳስም ይበቁታል።

እንግዲህ ጥበቦቹን በእነዚህ ምክንያቶች ሚዛን ላይ እናስቀምጣቸው።

ካራቴን ከኦኪናዋ ደሴት ወደ ቶኪዮ አምጥተው በ1922 እ.ኤ.አ. ካሳዩት ሰዎች ዋነኛው ፉናኮሺ ጊቺን የሚባል የትምህርት ቤት መምህር ነበር። በካራቴ ቀድሞ መምታት የለም ብሎ ማስተማሩ ይታወቃል። ቴኳንዶ ይህን ስሙን ያገኘው በኮርያ በ1955 ሲሆን፣ በ2000 በሲድኒ በሜዳልያ የሚሸለም የኦሊምፒክ ውድድር ሆነ። በ2021 በተደረገው የቶኪዮ ኦሊምፒክም ሰለሞን ቱፋ አገራችንን ወክሎ በቴኳንዶ ተሰልፏል። ቴኳንዶ ሰፊ ወለል ካገኘ ብዙ ዕቃ አይፈልግም፤ አሠልጣኙም በከተማችን በቀላሉ ይገኛል። ቦክስ ድፍረትንና የእግር ቅልጥፍናን ያስተምራል። ግን ጭንቅላት ደጋግሞ ሲመታ አንጎል እንደሚጎዳ ሐኪሞች ያረጋገጡት ስለሆነ፣ በአእምሮው እንጀራውን ሊበላ የመጣ ተማሪ ሊያስብበት ይገባል።

ስለ ጁዶ ለመናገር ግን ስለ አንድ ተማሪ መናገር ያስፈልጋል። ካኖ ጂጎሮ በ1860 በጃፓን ተወለደ። በልጅነቱ ሰውነቱ ትንሽ ስለነበረ ጉልበተኞች የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ያጠቁት ነበር። እርሱም ራሱን ለመከላከል ጁጁትሱ የሚባለውን የቆየ የትግል ጥበብ የሚያስተምሩትን ሰዎች ፈልጎ አገኘ። በ1881 ከቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ፤ በሚቀጥለው ዓመትም በአንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ 12 ምንጣፍ በተነጠፈበት ክፍል፣ በ9 ደቀ መዛሙርት ኮዶካን የሚባለውን ትምህርት ቤቱን ከፈተ። ዕድሜው ያን ጊዜ ከእኛ ዕድሜ የሚበልጥ አልነበረም።

ልብ በሉ፤ ይህ ሰው የተነሣው እኛ ከላይ በነቀፍነው ምክንያት፣ ማለት በፍርሃትና በመጠቃት ነው። ታዲያ ከዚያ ምን ሠራ? ሰው የሚያጎድሉትን ስልቶች ከነጻው ልምምድ አስወጣ። በዚህም የተነሣ ሁለት ሰዎች ሳይጠፋፉ በሙሉ ኃይላቸው የሚታገሉበት ልምምድ ተገኘ። ከመጣል በፊት አወዳደቅ እንዲጠና አደረገ። ሁለት መመሪያዎችም ተወ፤ አንዱ ኃይልን በሚገባ ቦታ ማዋል፣ ሁለተኛው እኔም አንተም አብረን እንጠቀም የሚል ነው። ተቃዋሚው ከሌለ ማንም ጁዶን ሊማር አይችልምና ይህ ሁለተኛው ለይምሰል የተነገረ አይደለም። ዛሬ የጣልኸው ሰው ነገ ይጥልሃል፤ ሲጥልህም እንዳትጎዳ እጅጌህን ይዞ ያሳርፍሃል። ካኖ በ1909 የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል በመሆን ከእስያ የመጀመሪያው ሆነ። ጁዶም በ1964 በቶኪዮ፣ የሴቶቹ በ1992 በባርሴሎና የኦሊምፒክ ስፖርት ሆነ።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚያቀርበው ሐሳብ ጁዶ እንዲመረጥ ነው። ተቃውሞዎቹንም አንሸሽጋቸውም። ጁዶ ወፍራም ንጣፍ ይፈልጋል፤ ንጣፍ ደግሞ ገንዘብ ነው። ትከሻና ጉልበት የሚጎዳበት ጊዜም አለ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት በጂምናዚየሙ ባሉት ፍራሾች ላይ አወዳደቅና የመያዝ ስልት ብቻ ይጠና፤ በቂ ንጣፍ ሳይገዛ ማንም ማንንም አንሥቶ አይጣል። ጥበቡ ለእኛ ባዕድ ነው የሚለን ካለም፣ በገና ወይም በጥምቀት ሰሞን በሣር ላይ ትግል ገጥሞ ያደገው ጓደኛችን እግር መጥለፍን ከጃፓን አልተማረውም እንላለን።

ጁዶን የመረጥንበት ዋናው ምክንያት ግን በሁለተኛው ተራ የጠቀስነው ቂም ነው። የግቢያችን ችግር ጡንቻ ማነስ አይደለም፤ አንዱ ሌላውን አለማመኑ ነው። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣን ተማሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ለመብላት እየተጠራጠርን፣ አንገታችንን በሌላው እጅ አስይዘን ሲበቃን ክንዱን መታ ስናደርግ እንዲለቀን እናምነዋለን? የሚለቀን ከሆነ፣ እኛም እርሱን የምንለቀው ከሆነ፣ ከየትኛውም ስብሰባ ያላገኘነውን ነገር ከዚያ እናገኛለን። ጥንድ የሚመድበው አሠልጣኙ ብቻ እንዲሆንና ማንም የአገሩን ልጅ እየመረጠ እንዳይታገል የጠየቅነው ለዚህ ነው።

ድምፃችሁ ወደ ቴኳንዶም ሆነ ወደ ሌላው ቢያደላ ኮሚቴው ውሳኔውን በደስታ ይፈጽማል። ነገር ግን የትኛውም ቢመረጥ አሠልጣኙን ሦስት ነገር እንጠይቀው፤ ልምምዱ በእውነት ከሚታገል ሰው ጋር ነው ወይ? የተጎዳ ተማሪ ሲኖር ምን ታደርጋለህ? ቂም ይዞ የመጣን ሰውስ ምን ትለዋለህ? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ የሌለው አሠልጣኝ የቀበቶው ቀለም ምንም ቢሆን ለእኛ አይሆነንም።

የምርጫው ወረቀት እንደገና ይታደላል። በዚህኛው ላይ ከጥበቡ ስም ቀጥሎ «ለምን?» የሚል ክፍት መሥመር አለ። ስማችሁን ሳትጽፉ እውነቱን ጻፉበት።