ጡረተኛና ወረቀቱ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



የሒሳቡ ሪፖርት ከተሰማ በኋላ ስለ ጡረታ ጥቂት እንድንናገር ኮሚቴው አዞናል። ይህን ንግግር ያዘጋጀነው ሦስት ጡረተኞች ነን። አንዳችን ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረ፥ አንዳችን በመዝገብ ቤት ፋይል ሲያገላብጥ የኖረ፥ ሦስተኛችን ደግሞ ለንደን ከተማ ሆስፒታል ሲያጸዳ ቆይቶ ወደ ጨንቻ የተመለሰ ነው። የሕግ ዐዋቂዎች አይደለንም። ነገር ግን ሦስታችንም በወረቀት ምክንያት ተንገላተናል፤ እናንተም እንዳትንገላቱ ነው ለመናገር የተነሣነው።

በቅድሚያ የተነሣንበትን ምክንያት እንግለጽ። አንድ አባላችን ከውጭ አገር ተመልሶ እዚሁ ከእኛ ጋር ሲኖር ዐረፈ። እድራችን እንደ ደንቡ ድንኳኑን ተከለ፥ አግዳሚውን ደረደረ፥ ንፍሮው ተቀቀለ፥ በጭጋጉና በዝናቡ ሰው ሁሉ ወጥቶ በክብር ቀበርነው። በሠልስቱ ባለቤቱ ጠርታን አንድ ካርቶን ሙሉ ወረቀት ፊታችን ዘረገፈች። «ጋሼ፥ እስቲ እዩልኝ፤ የእሱ ጡረታ ለእኔ ይቀጥላል ወይ?» አለች። አገላበጥን፤ ግማሹ በእንግሊዝኛ፥ ግማሹ በአማርኛ ነው። እውነቱን ለመናገር የሚመለሰውን አላወቅንም። በኋላ ጠይቀን ስንረዳ መልሱ «አይቀጥልም» የሚል ሆነ። ሰውዬው ይህን በሕይወቱ ዘመን ቢያውቅ ኖሮ ሌላ ነገር ያዘጋጅላት ነበር እኮ! ቀብሩን አሳምረናል፤ ከቀብር በኋላ ስላለው ኑሮ ግን አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ።

በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ በሕግ የተደነገገው በ1953 ዓ.ም. ሲሆን፥ በ1955 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 209 ጸና። የግል ድርጅት ሠራተኛው ግን ለረጅም ጊዜ ሲጠብቅ ኖሮ በ2003 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 715 ወጣለት፤ የመንግሥት ሠራተኛውም በዚያው ዓመት በዐዋጅ ቁጥር 714 ሕጉ ታደሰለት። ሁለቱም በ2014 ዓ.ም. በአዲስ ዐዋጆች ተተክተዋል።

ብዙ ሰው የጡረታ አበሉ እንዴት እንደሚሰላ ስለማያውቅ በምሳሌ እናስረዳ። በ2003ቱ ዐዋጅ በተቀመጠው ስሌት መሠረት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ 60 ዓመት የሞላው ሲቪል ሠራተኛ፥ የመጨረሻዎቹ የሦስት ዓመታት ደመወዙ አማካይ ተወስዶ 30 በመቶው ይታሰብለታል። ከ10 ዓመት በላይ ላገለገለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጠቅላላው ግን ከ70 በመቶ አይበልጥም። እንግዲህ አማካይ ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ ሰው 30 ዓመት ቢያገለግል፥ 30 በመቶና 25 በመቶ ተደምሮ 55 በመቶ ይሆናል፤ ይኸውም 3,300 ብር ነው። ሰውዬው ሲሞት ሚስቱ የዚህን ግማሽ 1,650 ብር፥ ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ደግሞ 20 በመቶውን 660 ብር ያገኛል ማለት ነው። የራሳችሁን ስታሰሉ በሥራ ላይ ያለውን ዐዋጅ ከማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ጠይቁ።

ነገር ግን ሚስት «ሚስት ነኝ» ስላለች ብቻ አይከፈላትም፤ ማስረጃ ይፈለጋል። ከእኛ መካከል በሽማግሌ ፊት ተጋብተን ስንት ልጅ ወልደን ወረቀት የሌለን ስንቶች ነን? እጅ አውጡ ብንል ግማሹ ስብሰባ የሚያወጣ ይመስለናል። በ2004 ዓ.ም. በወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ዐዋጅ ልደት፥ ጋብቻ፥ ፍችና ሞት ይመዘገባል፤ ምዝገባውም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ይሠራል። ጋብቻችሁን አስመዝግቡ። ሰው ከሞተ በኋላ ጋብቻውን ለማስመስከር ፍርድ ቤት መመላለስ በሐዘን ላይ ሌላ ሐዘን ነው።

አሁን ከውጭ አገር ስለሚመጣው ጡረታ እንናገር። ልጆቻችን በእንግሊዝ፥ በአሜሪካ፥ በጣሊያንም አሉ፤ አንዳንዶቹ ሸብተው እየተመለሱ ነው። እንግሊዝ የሽማግሌ ጡረታ መክፈል የጀመረችው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፥ ያን ጊዜ 70 ዓመት ለሞላው ድኻ በሳምንት 5 ሽልንግ ነበር። ዛሬ ያለው ሥርዓት ከ2016 (በፈረንጅ) የተጀመረው ነው፤ በእሱም ጥቂቱን ለማግኘት 10 ዓመት፥ ሙሉውን ለማግኘት በአብዛኛው 35 ዓመት መዋጮ ያስፈልጋል። እዚያ ለሥራ ያላችሁ ልጆች ይህን ቁጥር ያዙት። 9 ዓመት ሠርቶ አንድ ዓመት ጎድሎት ባዶ እጁን መምጣት ያስቆጫል።

የለንደኑ ጓዳችን በዚህ ረገድ ሦስት ነገር ተምሬአለሁ ይላል።

አንደኛ፥ የእንግሊዝ መንግሥት ጡረታ በዚያው አገር ለሚኖሩት በየዓመቱ ከፍ ይላል። ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የሚኖረው ሰው ግን መጀመሪያ በተቆረጠለት ላይ ይቆማል፤ በሁለቱ አገሮች መካከል በዚህ ጉዳይ የተደረገ ስምምነት የለምና። አሥር ዓመት ቢኖር ያው ነው፤ ሃያ ዓመት ቢኖርም ያው። ታዲያ የፓውንዱ ቁጥር ሳይለወጥ የብሩ ቁጥር ሲያድግ ሰው ይሳሳታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር የሚቆጠረው ገንዘብ በዝቷል፤ ጓዳችንም በመጀመሪያው ወር ተደስቶ በግ አርዶ ነበር። በኋላ ዘይቱም፥ ስኳሩም፥ የአርባ ምንጭ ትራንስፖርቱም አብሮ ሲወጣ ዝም አለ። በብር ብቻ ጡረታ የሚቀበለው መምህሩማ በግም አላረደ።

ሁለተኛ፥ ከዚያ አገር በየጊዜው «በሕይወት አለህ ወይ?» የሚል ቅጽ ይመጣል። ምስክር ፈርሞበት ካልተመለሰ ክፍያው ይቆማል። የጓዳችን ቅጽ መጥቶ ሣጥን ውስጥ ተኝቶ ከረመ፤ እሱ ጉልበቱን አሞት ወደ ቆላ አልወረደም፥ እኛም ደርሶ የሚያይለት ሰው አልመደብንም። ገንዘቡ ቆመ። አምስት ወር ሙሉ በእድር መዋጮ ሳይቀር ውዝፍ ገባ። ሰው በቁሙ «ሙት» ተብሎ እድር ሲያጓድል ያየነው ያን ጊዜ ነው። በዚያን ወቅት ሳቅንበት፤ ለእሱ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ጥፋቱ የእሱም የእኛም ነው።

ሦስተኛው የሴትየዋን ጥያቄ የሚመለከት ነው። የአገራችን ጡረታ ለሚስት ግማሹን ሲያስተላልፍ፥ አዲሱ የእንግሊዝ ጡረታ በአብዛኛው ከሰውዬው ጋር ያበቃል። እንዲያውም ከሞተ በኋላ ሳይታወቅ የገባ ገንዘብ ካለ ተመላሽ ይጠየቃል። ስለዚህ ሞት ሲደርስ ወዲያውኑ ማሳወቅ ይገባል። በዚያ ጡረታ የሚተዳደር አባል ሁሉ ለባለቤቱ ከወዲሁ ጥቂት በባንክ ያስቀምጥላት፥ ወይም ቤቱንና የአፕል ተክሉን በስሟ ያመቻችላት እንላለን።

ከአሜሪካ የሚመለሰውም የራሱ ጣጣ አለው። በዚያ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ጡረታውን እዚህ ሊቀበል ይችላል፤ ዜግነት ያልወሰደው ግን ከስድስት ወር በላይ ከአገሪቱ ሲርቅ ክፍያው ሊቋረጥበት ስለሚችል ከመምጣቱ በፊት ይጠይቅ። ዜጋ የሆነው ደግሞ የትም ቢኖር ለዚያ መንግሥት የገቢ መግለጫ ማቅረብ እንዳለበት አይርሳ። የውጭ ዜግነት ይዘው የሚመለሱ ልጆቻችን የኢትዮጵያዊነት ዜግነታቸው ቢቀርም፥ በ1994 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 270 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፥ ያው ቢጫ ካርድ የምንለውን፥ አውጥተው ያለ መኖሪያ ፈቃድ ሊኖሩ ይችላሉ።

ስለ ግብርም በጥቂቱ። በአገራችን ከጡረታ አበል ግብር አይቆረጥም። ነገር ግን ጡረተኛ ነኝ ብሎ ሰርቪስ ቤት እያከራዩ ዝም ማለት አይቻልም፤ የኪራይ ገቢ ግብር አለበት፥ የመሬት መጠቀሚያውም በየዓመቱ ይከፈላል። ከእንግሊዝ የሚመጣ ገቢ ያለው ሰው ደግሞ ሁለቱ መንግሥታት ተደራራቢ ግብርን ለማስቀረት በ2011 (በፈረንጅ) መፈራረማቸውን ይወቅ። ሁለቴ ተቆርጦብኛል የሚል ሰው አቤት የሚልበት መንገድ አለው። ገንዘቡንም በባንክ በኩል አምጡት። በጥቁር ገበያ ጥቂት ሳንቲም አተርፋለሁ ሲል ሙሉውን ያጣ ሰው እናውቃለን።

ይህን ሁሉ ስንናገር «እኛስ?» የሚሉን አሉ። ሽሮ ሜዳ ወርደው ከልጅነት እስከ ሽበት ጥበብ ሲሸምኑ ኖረው የተመለሱ የዶርዜና የጨንቻ ሸማኔዎች በዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል። ደመወዝ የሚከፍል አሠሪ አልነበራቸውም፤ መዋጮ የቆረጠላቸውም የለም። ዓይናቸው ደክሞ መወርወሪያውን ሲያስቀምጡ ጡረታቸው እንሰታቸውና ልጆቻቸው ናቸው። ለእነሱ የምናነበው ዐዋጅ ባይኖረንም፥ ማድረግ የምንችለው አለ። በየዓመቱ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮአቸው ሳይቋረጥ እንዲታደስ እናስታውሳቸው፤ ላጣው እንክፈልለት። ገና በሥራ ላይ ያሉት ወጣት ሸማኔዎችም ከሚሸጡት ላይ በየወሩ ጥቂት ለይተው ማስቀመጥን ዛሬ ይጀምሩ።

በመጨረሻም ለጉባኤው አራት ሐሳብ እናቀርባለን።

1ኛ፥ እያንዳንዱ ቤት አንድ ደብተር ይኑረው። የጡረታ ቁጥር፥ የባንክ ደብተር፥ የጋብቻና የልደት ወረቀት የት እንዳለ ይጻፍበት፤ ባለቤትም ታንብበው። ማንበብ የማትችል ከሆነ ልጅ ያንብብላት።

2ኛ፥ እድሩ ሁለት ሰው መርጦ በየወሩ ደብዳቤ ያለባቸውን አረጋውያን ፖስታ እንዲያዩላቸው ይመደቡ።

3ኛ፥ አባል ሲሞት እድሩ ድንኳን በሚተክልበት ሳምንት የሞት ምዝገባውንም ያስፈጽም። ሕጉ የሚሰጠው 30 ቀን ነው፤ ሐዘንተኛ ደግሞ ቀን አይቆጥርም።

4ኛ፥ ጡረታው በወረቀት ጉድለት የቆመበት አባል ውዝፍ አለብህ ተብሎ ከመዝገብ እንዳይሰረዝ፥ ገንዘቡ እስኪለቀቅ እንዲታገሡት ይወሰን።

አባቶቻችን በዱቡሻ ተቀምጠው ነገር ሲፈቱ «ይህ የእሱ ጉዳይ ነው» ብለው አልተነሡም። ያቺን ካርቶን ይዛ የመጣችውን እኅታችንን በዚያን ቀን መልስ ልንሰጣት አልቻልንም። ዛሬ እዚሁ መካከላችን ተቀምጣለች። ይህን ንግግር ስናዘጋጅ ካርቶኑን እንደገና አውጥታ ሰጥታናለች፤ የተናገርነውም አብዛኛው ከእሱ የተማርነው ነው። እናመሰግናታለን።