ሕጉን የሚያውቁት ዝም ካሉ ባለአክሲዮኑ ለማን ይጩህ?

(የኩባንያ ሕግ መምህራን ማኅበር ለመመሥረት በተጠራ ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር)



ነገር ሳላበዛ በቀጥታ ልግባ። «ደግሞ ሌላ ማኅበር? ማኅተምና ሊቀመንበር ከመጨመር በቀር ምን ይፈይዳል?» የሚል ይኖራል። አይፈረድበትም። በዚህ አገር ስሙ ብቻ የቀረ ማኅበር ስንቱን አይተናል!

እኔን ያሳሰበኝ ግን ባለአክሲዮኑ ነው። ጡረተኛው፣ አስተማሪዋ፣ የመርካቶው ቸርቻሪ ከጉሮሯቸው ቀንሰው አክሲዮን ይገዛሉ። በዓመት አንድ ቀን አዳራሽ ይጠራሉ። ሪፖርቱ በጥድፊያ ይነበባል። «የምትደግፉ እጅ አውጡ» ይባላል፤ እጅ ይወጣል። ከዚያ ሻይ፣ ከዚያ ወደ ቤት። ቦርዱን የሚሾመውም የሚሽረውም፣ ኦዲተሩን የሚመርጠውም የባለአክሲዮኑ ጉባዔ መሆኑን ማን አስረዳው? ሕጉ ላይ ተጽፏል። ሕጉን የምናስተምረው እኛ ነን። እኛ ደግሞ ዝም!

በ1952 የወጣውን የንግድ ሕግ ማርቀቅ የጀመሩት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ዣን ኤስካራ ነበሩ፤ እሳቸው ሲሞቱ የአገራቸው ሰው አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሱት። በ1967 ደርግ ባንኩንም፣ ኢንሹራንሱንም፣ ትልልቁን ፋብሪካም ሲወርስ የኩባንያው ክፍል መደርደሪያ ላይ ቀረ። በ1986 ለግል ባንኮች በር ሲከፈት አቧራው ተራግፎ ወጣ። የተተካው በ2013፣ በአዋጅ ቁጥር 1243 ነው። ከ61 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው!

በአዲሱ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኩባንያ ማቋቋም ይችላል። በ2017 ደግሞ የአክሲዮን ገበያው ሥራ ጀመረ። ሕዝቡ ገንዘቡን ይዞ እየገባ ነው። እኛስ? በየዩኒቨርሲቲያችን ተበታትነን፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳያነበው እንኖራለን። የእንግሊዝ የሕግ መምህራን ማኅበራቸውን የመሠረቱት እንደ ፈረንጆቹ በ1908 ነው። የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ የኩባንያ ሕግ መምህራንም የራሳቸው ማኅበር አላቸው።

«መንግሥት አያሠራንም» እንዳንል፣ ማኅበራትን አንቆ የያዘው የ2001 አዋጅ በ2011 ተሽሯል። ከኛ ልብ ያልተሻረው ፍርሃቱ ነው።

ታዲያ ማኅበሩ ይመሥረት፤ በሦስት ነገር ግን አልደራደርም። አንደኛ፣ በራሳችን መዋጮ እንተዳደር። ከኩባንያም፣ ከመሥሪያ ቤትም፣ ከፓርቲም ሳንቲም አንቀበል፤ ጉርሻ አፍ ይዘጋል። ሁለተኛ፣ ስለ አንድ ኩባንያ የሚጽፍ ወይም የሚናገር መምህር ከዚያ ኩባንያ ተከፍሎት ከሆነ አስቀድሞ ይናገር። ሦስተኛ፣ የሕግ ረቂቅ ሲወጣ ከመጽደቁ በፊት አስተያየታችንን ቸርቻሪውም በሚገባው አማርኛ ጽፈን እናውጣ።

የቦርድ ሰብሳቢዎች የሻይ ጓደኛ የምንሆን ከሆነ እኔን አትቁጠሩኝ። ለባለአክሲዮኑ የምንናገር ከሆነ ግን የመጀመሪያውን መዋጮ ዛሬውኑ እከፍላለሁ።