ጉግል፣ ንግድና አማና
(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ)

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



የዛሬውን ርዕስ ያስመረጠኝ የራሴ ስሕተት ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ከዒሻ ሰላት በኋላ አንድ የሰፈራችን ወንድም መስጂድ በር ላይ ጠበቀኝ። አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ አለው። ክፍሎቹ ንጹሕ ናቸው፣ ዋጋውም አይከብድም፤ ነገር ግን እንግዳ አጣ። «ኡስታዝ፣» አለኝ፣ «ሰው ጉግል ላይ ማረፊያ ሲፈልግ የጎረቤቴ ከላይ ይመጣል። የኔን ለማግኘት ጣት እስኪደክም ወደ ታች መውረድ ነው። አንድ ልጅ መጥቶ ‘ገንዘብ ክፈለኝና ባለ አምስት ኮከብ አስተያየት ሃምሳ አስገባልሃለሁ’ ይለኛል። እንዴት ነው፣ ይፈቀዳል?»

እኔም ድካም ተጫጭኖኝ ስለነበር «ማስታወቂያ አይደል እንዴ? ማስታወቂያ ምን ችግር አለው!» ብዬው ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ማታ ለልጄ ነገርኳት። ኮሌጅ ትማራለች፤ የዚህን ነገር አሠራር ከኔ ይልቅ ታውቃለች። ሞባይሏን አውጥታ አሳየችኝና «አባዬ፣ ይሄማ ማስታወቂያ አይደለም። በማስታወቂያ ባለቤቱ ስለ ራሱ ዕቃ ይናገራል። እዚህ ግን እዚያ ቤት አድረው የማያውቁ ሰዎች ‘አድረን ወደድነው’ ብለው ይመሰክራሉ» አለችኝ። እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ከሱብሒ በኋላ ወንድሜ ዘንድ ሄድኩ። በኔ ቃል ተማምኖ ለልጁ ግማሹን ቀብድ ከፍሎት ነበር።

ውድ አድማጮች፣ ወደዚህ ወንድማችን ኋላ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ቤታችን ድረስ የገባው ይህ ጉግል የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ እንረዳ። ሳያውቁ መፍረድ ምን እንደሚያመጣ አይታችኋልና።

ጉግል የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። መሥራቾቹ ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪዎች ነበሩ። ስሙን ያገኘው ‘ጉጎል’ ከሚለው የሒሳብ ቃል ሲሆን ትርጉሙም 1 ቁጥር ተጽፎ 100 ዜሮ ሲከተለው ማለት ነው። የተነሡበት ሐሳብ ቀላል ነበር። አንድን ድረ ገጽ ስንት ሌሎች ድረ ገጾች ይጠቁሙታል? የሚጠቁሙትስ እነርሱ ራሳቸው ምን ያህል ይጠቆማሉ? ብዙ ጠቋሚ ያለው ወደ ላይ ይወጣል፣ ጠቋሚ ያጣው ወደ ታች ይወርዳል። ዛሬ ማሽኑ ከዚህ ሌላ ብዙ ነገር ይመዝናል፤ መሠረቱ ግን ይህ ነበር።

መድረሳ ለተቀመጠ ሰው ነገሩ እንግዳ አይመስልም። የሐዲስ ዘጋቢም የሚመዘነው ሌሎች ስለርሱ በሚሰጡት ምስክርነት ነው። ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። የሐዲስ ሊቃውንት የዘጋቢውን እውነተኝነትና የማስታወስ ችሎታ አንድ በአንድ ይመረምሩ ነበር። ማሽኑ ግን ምልክቶችን ይደምራል፤ ከምልክቱ ጀርባ ያለውን ልብ አያይም። አታላዮች የሚገቡትም በዚህች ቀዳዳ ነው።

ታዲያ አገልግሎቱን የምንጠቀመው በነፃ ሆኖ ድርጅቱ ከምን ያገኛል? ከማስታወቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ከፍለጋ ውጤቶች ጎን ማስታወቂያ መሸጥ ጀመረ። እኛ አንድ ቃል ጽፈን ስንፈልግ ዓይን እስኪጨፈን ባለ ጊዜ ውስጥ በነጋዴዎች መካከል ጨረታ ይካሄዳል። ቦታው የሚሰጠው ባቀረቡት ዋጋና ማስታወቂያው ለጠያቂው ባለው ተስማሚነት ነው። ነጋዴው የሚከፍለውም ሰው ማስታወቂያውን ሲጫንለት ነው። የጉግል ባለቤት የሆነው አልፋቤት የተሰኘው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 350 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገቢ አግኝቷል፤ ከዚህም ሦስት አራተኛ ያህሉ ከማስታወቂያ የመጣ ነው። እንግዲህ በዚህ ገበያ የሚሸጠው ዕቃ ምን እንደሆነ አስተውሉ። የኔና የናንተ ትኩረት ነው።

በዓለም ላይ በኢንተርኔት ከሚደረገው ፍለጋ አብዛኛው፣ ከመቶ ዘጠና የሚያህለው፣ በዚህ በአንድ በር ያልፋል። ይህ የሆነው በጥራቱ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 አሚት ሜህታ የተባሉ የአሜሪካ ዳኛ ድርጅቱ በፍለጋው ዘርፍ ሕግን በሚጥስ መንገድ ብቸኛነቱን ጠብቋል ሲሉ ፈርደዋል። በሞባይልና በኮምፒውተር ላይ አስቀድሞ የተዘጋጀ መፈለጊያ ሆኖ ለመገኘት በ2021 ብቻ ከ26 ቢሊዮን ዶላር በላይ መክፈሉ በችሎቱ ተገልጿል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ደግሞ ዳኛው ሌሎችን የሚያገልሉ ውሎችን ከልክለዋል። በአውሮፓም የራሱን የዕቃ ማወዳደሪያ አገልግሎት ከተፎካካሪዎቹ አስበልጦ በማሳየቱ እ.ኤ.አ. በ2017 የ2.42 ቢሊዮን ዩሮ ቅጣት ተወስኖበታል፤ ቅጣቱም በ2024 በኅብረቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጸንቷል። ስለዚህ ከላይ የመጣው ሁሉ በእውነተኝነቱ ከላይ መጣ ብለን አንመን። አንዳንዱ የተሻለ ስለሆነ ነው፣ አንዳንዱ ስለተከፈለበት ነው፣ አንዳንዱም ስለተታለለ ነው።

ወንድሞችና እህቶች፣ አሁን ወደ ንግዱ እንመለስ። ሸሪዓችን ስለ ኢንተርኔት ስም ጠርቶ አልተናገረም፤ ስለ ገበያ ግን በሰፊው ተናግሯል። ሦስት ነገሮችን ላስታውሳችሁ።

አንደኛው፣ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ አንድ ነጋዴ የቆለለውን እህል አዩ። እጃቸውን ወደ ውስጥ ቢያስገቡ ጣታቸው እርጥበት አገኘ። ነጋዴው ዝናብ እንደመታው ተናገረ። እርሳቸውም እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰውም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ። ዛሬ ቁልሉ የሞባይል መስታወት ነው። ከላይ ያማረ ፎቶ አድርጎ ጉድለቱን ከሥር የሚደብቅ ነጋዴ ያንኑ እርጥብ እህል እየሸጠ ነው።

ሁለተኛው፣ ለሽያጭ የቀረበችን ግመል ወይም በግ ለቀናት ሳያልቡ ግቷን አሳብጦ ወተተኛ ማስመሰል ተከልክሏል። ገዢውም ማታለሉን ሲያውቅ የመመለስ መብት ተሰጥቶታል። በገንዘብ የተገዛ የተከታይ ቁጥር፣ በገንዘብ የተገዛ ኮከብ፣ ያበጠ ግት ካልሆነ ምን ይባላል?

ሦስተኛው ነጅሽ ነው። ነጅሽ ማለት ዕቃውን የመግዛት ሐሳብ የሌለው ሰው ሌላውን ለማሳሳት ዋጋ እየጨመረ ፈላጊ መስሎ መቆም ነው። ዑለማዎች ይህን ሐራም ብለውታል። ያላደረበትን ቤት «አደርኩበት» ብሎ የሚጽፍም ሰው የሰው ገንዘብ ወደ ሌላው እንዲሄድ በሐሰት ይቆማል፤ በዚያ ላይ የሐሰት ምስክርነት ይጨመርበታል። ድርጅቱም ቢሆን የተከፈለባቸውን አስተያየቶች ይከለክላል፣ ሲያገኛቸውም ያነሣል። የአሜሪካ መንግሥት ደግሞ የሐሰት አስተያየት መሸጥና መግዛትን የሚከለክል ደንብ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሏል።

ይህ ማለት ግን በኢንተርኔት መነገድ፣ ማስታወቂያ ከፍሎ ማስነገር ክልክል ነው ማለት አይደለም። ዕቃው ሐላል፣ ቃሉም እውነት እስከሆነ ድረስ ማስታወቂያ መክፈል ለደላላ እንደመክፈል ያለ ነው። የሱቅን ስምና አድራሻ ጉግል ካርታ ላይ በነፃ ማስመዝገብም ይቻላል። በርህን ለሰው ማሳየት ነውና ምንም ነውር የለበትም።

ሁለተኛው ጉዳይ ጠያቂዎቹን እኛን ይመለከታል። ዛሬ በየቤታችን የሕፃን ትኩሳት፣ የመድኃኒት መጠን፣ የጠላቅ ጉዳይ ሳይቀር መጀመሪያ የሚጠየቀው ሞባይል ነው። መጠየቁ አይከፋም፤ ብዙ ጥቅም አለው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ጉግል በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ ማጠቃለያ ከውጤቶቹ በላይ ማሳየት ሲጀምር፣ አይቡ ከፒዛው ላይ እንዳይንሸራተት ሙጫ ጨምሩበት የሚል ምክር መስጠቱ ብዙ ሰው አስቆ ነበር። ምንጩ አንድ ሰው ከዓመታት በፊት የጻፈው ቀልድ ነበር። ፒዛው ሲሆን ይሳቃል፤ የልጅ መድኃኒት ወይም የትዳር ጉዳይ ሲሆንስ?

ስለ ጠላቅ ወደ ዓሊም የሚሄድ ሰው ጥያቄ ይጠብቀዋል። ምን ብለህ ተናገርክ? በምን ሁኔታ ላይ ነበርክ? ከዚህ በፊትስ ተናግረህ ታውቃለህ? እያለ ይመረምረዋል። መልሱ በነዚህ ይለወጣልና። የፍለጋው ገጽ ግን ሳይጠይቅ ይመልሳል። አድማጮቼ፣ እኔም በዚያች ምሽት ያደረግኩት ይህንኑ ነው። «ጻፊዎቹ እነማን ናቸው? አድረውበታል ወይ?» ብዬ ሳልጠይቅ መለስኩ። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ያዘዘን ባለማወቅ ሰው ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት ነው። እኔ ሳላጣራ ተናገርኩ፣ ተጸጸትኩም።

ስለዚህ ቤተሰብ ሁሉ እነዚህን ይያዝ። በውጤቱ አናት ላይ «ስፖንሰርድ» የሚል ጽሑፍ ካለ የተከፈለበት ማስታወቂያ መሆኑን ልጆቻችሁን አስተምሩ። በተለይ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ለመሄድ የምትፈልጉ እህቶች፣ ከላይ ስለመጣ ብቻ ለማንም ኤጀንሲ ገንዘብ አትክፈሉ፤ ሕጋዊ ፈቃድ እንዳለው ከሚመለከተው መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት አረጋግጡ። ስለ ሕመም ሐኪም፣ ስለ ዲን ዓሊም ጠይቁ። የምትፈልጉት ነገርም ስለናንተ እንደሚናገር አትርሱ፤ ማታ የጠየቃችሁት ጠዋት ማስታወቂያ ሆኖ ይመጣልና። እናንተም አስተያየት ስትጽፉ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፤ ምስክርነት አማና ነው።

ወንድማችንስ? ስሕተቴን ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ቀብዱን ልጁ አልመለሰለትም። «በኔ ቃል ነው የከፈልከው፣ ግማሹን ልካፈልህ» ብለው እንቢ አለኝ። ከዚያ በኋላ ቤቱን በትክክለኛ አድራሻው አስመዘገበ፣ ክፍሎቹን እንዳሉ ፎቶ አነሣ፣ ያደሩ እንግዶችን «ያያችሁትን ጻፉ» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። አንዱ እንግዳ ውኃ በሌሊት እንደሚቋረጥ ጻፈበት። ወንድማችን አስተያየቱን ከማስጠፋት ይልቅ ታንከር ገዛና ከሥሩ ምስጋና ጻፈለት።

ዛሬም ጎረቤቱ ከላይ ነው። ባለፈው ሳምንት ሳገኘው ከስድስቱ ክፍሎች አራቱ ተይዘው ነበር። «ኡስታዝ፣ ሁለቱን ደግሞ ዱዓ አድርጉልኝ» አለኝ። እናንተም አብራችሁኝ አድርጉለት።

አላህ (ሱ.ወ.) ሪዝቃችንን ሐላል፣ ምላሳችንን እውነተኛ፣ ሚዛናችንን የቀና ያድርግልን። ሳናውቅ ከመናገርም ይጠብቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።