ከቃታው በስተኋላ ያለ ዓይን

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰማ ንግግር)



በዓይን ሕክምና ሙያ ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሐሮልድ ሪድሊን ስም ያውቃል። እንግሊዛዊው ሐኪም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 1949 በለንደኑ ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሠራሽ ሌንስ በሰው ዓይን ውስጥ አኖሩ። ዛሬ የዓይን ሞራ ተገፎለት ሌንስ የሚገባለት ሰው ሁሉ የዚያ ቀን ባለዕዳ ነው። ሐሳቡ ከየት እንደ መነጨም በየትምህርት ቤቱ ይነገራል፤ ይኸውም በጦርነቱ ዘመን የተዋጊ አውሮፕላን ክዳን ተሰባብሮ ፐርስፔክስ የተባለው የፕላስቲክ ስባሪ በአብራሪዎች ዓይን ውስጥ ሲቀር፣ ዓይኑ እንደ ሌላው ባዕድ ነገር ሳይቆጣው ችሎት መኖሩን ሪድሊ በመመልከታቸው ነው።

የዚህ ታሪክ ሌላው ገጽ ግን እምብዛም አይነገርም። ከእነዚያ አብራሪዎች አንዱ የ601ኛው ስኳድሮን ባልደረባ ጎርደን ክሊቨር ነበር። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1940 በሃሪኬን አውሮፕላኑ ሲዋጋ የጠላት ጥይት የክዳኑን ፕላስቲክ በታተነውና ስባሪው በሁለቱም ዓይኖቹ ገባ። ቀኝ ዓይኑ ጠፋ፤ ግራው ከብዙ ቀዶ ሕክምና በኋላ ዳነ። ያን ቀን ክሊቨር የአብራሪ መነጽሩን ሳያደርግ ነበር የተነሣው። ዓለም ከእርሱ ዓይን የሌንስን ጥበብ ተማረ፤ የመነጽሩን ትምህርት ግን እስከ ዛሬ በሙሉ ልብ አልተቀበለም።

የዚህ ንግግር ጉዳይ ያ ያልተያዘው ትምህርት ነው። ጠመንጃ የሚተኩስ ሰው፣ ወታደርም ይሁን ዘበኛ፣ አዳኝም ይሁን የዒላማ ስፖርተኛ፣ ስለ ምን ዓይኑን ሸፍኖ መተኮስ እንደሚገባውና ይህን የመንገሩ ግዴታ በማን ላይ እንደሚወድቅ ማመልከት ነው።

ተኳሽ አደጋን የሚያውቀው ከአፈሙዙ በስተፊት ነው። መሣሪያ ከጨበጠበት ቀን ጀምሮ የሚነገረው፣ አፈሙዙን ወደ ሰው እንዳያዞር፣ ጣቱን ያለጊዜው ከቃታው ላይ እንዳያሳርፍ፣ ጥይት የጎረሰ መሆን አለመሆኑን እንዲያይ ነው። ትምህርቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን በይበልጥ የሚጠብቀው ሌላውን ሰው ነው። የተኳሹ የራሱ ዓይን የሚገኘው ከጠመንጃው በስተኋላ፣ ጉንጭ ከሰደፍ ተጣብቆ፣ ጥይቱ ከሚፈነዳበት ቤት ከአንድ ክንድ ባነሰ ርቀት ላይ ነው። ስለዚያ ስፍራ የሚያስጠነቅቀው የለም።

በዚያ ስፍራ የሚሆነው ነገር ግን ቀላል አይደለም። በገጠርም በከተማም የታወቀው የክላሽንኮቭ ጥይት ባሩዱ ሲቀጣጠል የሚያስነሣው ግፊት ከከባቢው አየር ግፊት እስከ 3,500 ጊዜ ያህል ይበልጣል። የመኪና ጎማ የሚሸከመው ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ያህል የሚበልጠውን ነው። ይህ ሁሉ ኃይል ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ የሚያግደው ስስ ቀለህና ከኋላው የተቆለፈው ብረት ብቻ ነው። ሁለቱ ሥራቸውን እስከ ሠሩ ድረስ ተኳሹ ምንም አይሰማውም። ቀለሁ ያረጀ ወይም ከአንድ ጊዜ በላይ የተሞላ ሆኖ ቢሰነጠቅ ግን፣ ወይም በቀለሁ መቀመጫ ላይ ያለችውን እሳት ለኳሽ ቆብ መርፌው ቢበሳት፣ የጋለው ጋዝ የባሩድ ብናኝና የብረት ፍንጣሪ ይዞ ባገኘው ቀዳዳ ወደ ኋላ ይወጣል። በአፈሙዙ ውስጥ ጭቃ ወይም መወልወያ ጨርቅ ተረስቶ እንደ ሆነ፣ ወይም ኃይል ያነሰው የቀደመው ጥይት አረሩ በመካከል ቀርቶ እንደ ሆነ፣ ቀጥሎ የሚተኮሰው ጥይት በርሜሉን ሊያፈነዳው ይችላል።

መሣሪያው ጤነኛ ሆኖ ሳለም አደጋ አይታጣም። ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ በተሽከርካሪው ጥይት ማደሪያና በበርሜሉ መካከል ባለው ክፍተት ጋዝና የእርሳስ ቅራፊ ወደ ጎን ይተፋል፤ የሚጎዳውም ብዙ ጊዜ ከጎን የቆመው ሰው ነው። በራሱ የሚጎርስ መሣሪያ የጋለ ቀለሁን አሽቀንጥሮ በአጠገብ ባለው ተኳሽ ፊት ላይ ይጥላል። ከብረት ዒላማ ወይም ከድንጋይ ጋር የተጋጨ አረር ተሰባብሮ ወደ መጣበት ይመለሳል። በአየር ላይ የሚመታው የሸክላ ዒላማም ስባሪውን በተመልካቹ ላይ ያዘንባል። ስለዚህ ጥበቃው ለሚተኩሰው ብቻ ሳይሆን በአጠገቡ ለሚቆመውም ጭምር ነው።

ዓይን ከመላው የሰውነት ገጽ አንድ ሺህኛውን ያህል ብቻ ይይዛል። ይህን ያህል ጠባብ መሆኑ ብዙውን ሰው ያዘናጋዋል። ሆኖም በሌላ የሰውነት ክፍል ላይ ቢያርፍ ጭረት ብቻ የሚሆነው ፍንጣሪ በዓይን ላይ ሲያርፍ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ጉዳት ይሆናል። ሩዝ የማታህል የብረት ቅንጣት ኮርኒያን በስታ፣ ሌንሱን ቀድዳ፣ ከሬቲና ላይ ልታርፍ ትችላለች። በዓይን ውስጥ የቀረ ብረት እየዛገ ሬቲናን ይመርዛል። የአረር ልባስ በአመዛኙ መዳብ ነው፤ ንጹሕ መዳብም በዓይን ውስጥ ብርቱ ቁጣ ያስነሣል። የቀለህ ናስ ደግሞ ከመቶ ሰባው እጅ መዳብ በመሆኑ ጉዳቱ ቀስ ብሎ ይገለጣል። ከዚህ ሁሉ የከፋው በአንዱ ዓይን ላይ የደረሰ ዘልቆ የሚገባ ቁስል አልፎ አልፎ ጤነኛውንም ዓይን ተከትሎ እንዲታመም ማድረጉ ነው። ሉዊ ብሬል በሦስት ዓመት ዕድሜው በአባቱ የቆዳ ሥራ ቤት አንድ ዓይኑን በወስፌ ወጋ፤ ብዙ ሳይቆይ ሁለቱንም አጣ። የብሬል ፊደል የዓለምን ዓይነ ስውራን ሁሉ ቢጠቅምም፣ ያ ሕፃን ግን ወስፌ ሊጨብጥ ባልተገባው ነበር።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? መድኃኒቱ ተገኝቶ ከተቀመጠ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1953 ሄርማን ሽኔል በጀርመን፣ ዳንኤል ፎክስ በአሜሪካ፣ አንዱ ከሌላው ሳይሰማ ፖሊካርቦኔት የተባለውን ፕላስቲክ አገኙ። ይህ ፕላስቲክ ሲመታ ይለመጣል፣ ይጎደጉዳል፤ እንደ መስተዋት ግን አይፈረካከስም። በአሜሪካ የመከላከያ መነጽር ደረጃ መሠረት ከፍተኛ ምትን ይችላል የሚባለው መነጽር 6.35 ሚሊሜትር ስፋት ያላት የብረት ኳስ በሰከንድ 45 ሜትር ገደማ ፍጥነት ስትመታው መቻል አለበት። ለጦር ሠራዊት የሚሠራው ደግሞ ከዚያ ያነሰች ፍንጣሪ በሰከንድ 195 ሜትር ገደማ እየበረረች ስትመታው እንዲችል ሆኖ ይፈተናል። ማንም መነጽር በቀጥታ የተተኮሰ ጥይት አይመልስም፤ እንዲህ ያለ ተስፋም ሊሰጥ አይገባም። የሚመልሰው ፍንጣሪውን፣ ብናኙንና የሚወረወረውን ቀለህ ነው፤ ከቃታው በስተኋላ ያለውን ዓይን የሚጎዱትም በብዛት እነዚሁ ናቸው።

በዚህ ላይ አንድ ስሕተት መታረም አለበት። ለማንበብ ወይም ለሩቅ እይታ የታዘዘ ተራ መነጽር የተኩስ መከላከያ አይደለም። መስተዋቱ ቢሰበር ስባሪው ራሱ ወደ ዓይን ይገባል፤ ጎኑም ክፍት ነው። መነጽር የሚያስፈልገው ተኳሽ ወይ ሌንሱ በልኩ ከፖሊካርቦኔት በጠንካራ ማቀፊያ እንዲሠራለት፣ ወይም ከመነጽሩ በላይ የሚደረብ መከላከያ እንዲያደርግ መመከር አለበት። ጎንን የሚከልል፣ ከቅንድብ ጋር የሚገጥም፣ የጆሮ መከላከያውን እንዳያላላ ዘንጉ ቀጭን የሆነ ይመረጣል። መሣሪያ የሚጸዳበት ፈሳሽ ፖሊካርቦኔትን ሊያበላሸው ስለሚችል መነጽሩን በሳሙናና በውኃ ማጠብ ይበቃል። መሣሪያው ሲፈታና ሲወለወልም መነጽሩ ከዓይን መውረድ የለበትም፤ ተወጥሮ የነበረ ሞላ ሲለቀቅ ከጥይት ፍንጣሪ የማይተናነስበት ጊዜ አለና።

መነጽር ለማድረግ የማይፈልግ ሰው ምክንያት አያጣም። አባቶች በባዶ ዓይን ተኩሰዋል ይላል። እውነት ነው፤ ሰናድርና ውጅግራ ታጥቆ ዓድዋ የዘመተው ትውልድ በባዶ ዓይን ተኩሷል። ያ ትውልድ ግን በመነጽርና በባዶ ዓይን መካከል ምርጫ ቀርቦለት ባዶ ዓይንን የመረጠ አይደለም፤ ያልነበረውን ነገር ናቀ ሊባል አይችልም። ሌላው፣ መነጽር እይታ ያደበዝዛል ይላል። ይሁን እንጂ የሥራቸው ሁሉ መሠረት ጥርት ያለ እይታ የሆነላቸው የዒላማ ተወዳዳሪዎች እንኳ መነጽር አድርገው ይተኩሳሉ፤ የዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብም ተወዳዳሪዎች ሁሉ የማይፈረካከስ መነጽር እንዲያደርጉ ያሳስባል። ሦስተኛው፣ ለአንድ ቀን ተኩስ ምን ያስፈልጋል ይላል። በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኩሰው ሰው አሳብ ይህ ነው፤ አሮጌ መሣሪያና ዕድሜው የማይታወቅ ጥይት የሚገናኙትም ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያለው ቀን ነው። እንዲህ ያለው ተኩስ ጨርሶ ባይደረግ ይመረጣል፤ የሚወጣው ጥይት ተመልሶ የሚወርድበትን የሚያውቅ የለምና።

አሁን ነገሩ ወደ ማኅበሩ አባላት ይመለሳል። አንድ የገጠር ሰው ዓይኑን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ሁለት ቀን ተጉዞ ሆስፒታል ቢደርስ፣ ሐኪሙ የሚችለውን ሁሉ ያደርግለታል። ዓይኑ እንዳይታሽና እንዳይጫን ይከልላል፤ የተሰካውን ነገር ያለቦታው አይነቅልም፤ ብረት መኖሩ በራጅ ሳይጣራ በማግኔት ወደሚሠራ የምርመራ መሣሪያ አይልከውም። ቀዶ ሐኪሙም ይደክማል። ይህ ሁሉ የሙያው ክብር ነው። ነገር ግን ያ ሰው ከአንድ ዓመት በፊት ለማንበቢያ መነጽር ወደዚያው ክፍል መጥቶ ነበር እንበል። ፊደል እንዲቆጥር ተደረገ፤ መነጽር ታዘዘለት፤ ሥራው ዘበኛ መሆኑም በካርዱ ላይ ተጻፈ። ጠመንጃ ይተኩስ እንደ ሆነ ግን የጠየቀው አልነበረም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ይህን ለመሰለው ነው።

ስለዚህ የሚጠየቀው ነገር ትልቅ በጀትም አዲስ ሕንፃም አይሻም። ዓይን የሚመረምር ባለሙያ ሁሉ ሥራውን በጠየቀው ሰው ላይ አንድ ጥያቄ ይጨምር፦ መሣሪያ ይተኩሳሉ? መልሱ አዎን ከሆነ፣ የመከላከያው መነጽር ከማንበቢያው ጋር አብሮ ይታዘዝ፤ ምክንያቱም በሁለት ዓረፍተ ነገር ይነገር። መነጽር የሚሠሩ አባላት ፖሊካርቦኔቱን ከተራው ለይተው ያሳዩ። ከተኩስ ስፖርትና ከጥበቃ ድርጅቶች ጋር የሚሠሩ አባላት ደግሞ መነጽር ያላደረገ ሰው ተኳሽም ይሁን ተመልካች ከተኩሱ መሥመር እንዳይቀርብ ይምከሩ። አባላቱ ራሳቸው ለአደን ወይም ለዒላማ ሲወጡም አርአያ ይሁኑ፤ ሐኪሙ በባዶ ዓይን ሲተኩስ ያየ ሰው ምክሩን አይሰማም።

አማርኛ እጅግ የሚሳሱለትን ነገር «እንደ ዓይን ብሌን» መጠበቅ ይላል። ሌላው ውድ ነገር ሁሉ በዓይን ተመስሎ ሲጠበቅ ዓይን ራሱ ሳይጠበቅ እንዳይቀር የማሳሰቡ ተግባር፣ ከማንም በፊት የዚህ ማኅበር አባላት ነው። የክሊቨር መነጽር ያን ቀን ከዓይኑ ላይ ቢሆን ኖሮ የሪድሊ ሌንስ በሌላ መንገድና ምናልባት ዘግይቶ ይገኝ ነበር፤ ለክሊቨር ግን ሁለቱም ዓይኖቹ በተረፉለት ነበር። ወደፊት ለሚተኩሰው ሰው ሁሉ የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ አስቀድሞ መነጽሩ፣ ከዚያ በኋላ ጥይቱ።