በአንድ ጊዜ የሚወድቁ ዲስኮች

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በጉለሌ፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ፓስተር» እያለ በሚጠራው ሰፈር፣ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይገኛል። ከዚያም ብዙ ሳይርቅ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አለ። በእነዚህና በመሰሎቻቸው ተቋማት የሕመምተኛው ታሪክ፣ የላቦራቶሪው ውጤትና የወረርሽኝ ክትትሉ ከወረቀት ዶሴ ወደ ኮምፒዩተር በመሸጋገር ላይ ነው። ዶሴ ሲጠፋ አንድ በአንድ ነው፤ ሰርቨር የተበላሸ እንደሆነ ግን የብዙ ሺህ ሰው ታሪክ በአንድ ጀምበር ይዞ ይሄዳል። ስለሆነም ብዙ ሃርድ ዲስኮች በአንድ ጊዜ የሚወድቁበት ምክንያት የኮምፒዩተር ባለሙያውን ብቻ ሳይሆን፣ ሕንፃውን የሚነድፈውን፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን የሚዘረጋውንና ዕቃውን የሚያስገዛውን መሐንዲስ ሁሉ የሚመለከት ጉዳይ ነው።

ከዲስክ ብልሽት ለመዳን የተዘየደው ዋነኛ መንገድ «ሬይድ» የሚባለው ነው። ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ጽሑፍ ሐሳቡን አስተዋወቁት። ነገሩ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ከሚለው የአበው ብሂል የራቀ አይደለም፤ ብዙ ዲስኮች ተባብረው መረጃውንና የጎደለውን መልሶ ለማስላት የሚያገለግለውን ድምር ተካፍለው ይይዛሉ። «ሬይድ 5» የተባለው አደረጃጀት የአንድ ዲስክን፣ «ሬይድ 6» ደግሞ የሁለት ዲስኮችን መጥፋት ይችላል።

ስሌቱ ለጊዜው የሚያጽናና ነው። እያንዳንዳቸው 8 ቴራባይት የሚይዙ 8 ዲስኮች በሬይድ 5 ቢደራጁና አንዱ ቢሞት፣ ተተኪውን በሰከንድ 150 ሜጋባይት እየጻፉ መሙላት 15 ሰዓት ያህል ይፈጃል። አንድ ዲስክ በዓመት ውስጥ የመበላሸቱ ዕድል 2 በመቶ ቢሆን፣ ከቀሩት ሰባቱ አንዱ በእነዚያ 15 ሰዓቶች ውስጥ የሚሞትበት ዕድል ከ4,000 አንድ ገደማ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ስሌት የቆመው የአንዱ ዲስክ ሞት ሌላውን አይመለከትም በሚል ግምት ላይ ነው። ሽሮደርና ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ2007 100,000 ያህል ዲስኮችን የሚመለከት መዝገብ መርምረው፣ ብልሽት ብልሽትን እያስከተለ እንደሚመጣ አሳይተዋል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአንድ ሰርቨር ውስጥ የተሰኩ ዲስኮች ባንድ ጨረታ ተገዝተው፣ ባንድ ካርቶን መጥተውና ባንድ ቀን ሥራ ጀምረው እኩል ያረጃሉ። ሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 ያወጣው ማስጠንቀቂያ ለዚህ ምስክር ነው። አንዳንድ ኤስ.ኤስ.ዲ. ዲስኮቹ፣ በውስጣቸው በተጫነው ፕሮግራም ስሕተት የተነሣ፣ ልክ 32,768 ሰዓት ሲሠሩ፣ ይኸውም በ3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት፣ መረጃቸው ላይመለስ የሚሞቱ ነበሩ። አብረው የበሩ ዲስኮች አብረው ይጠፋሉ ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ ሬይድ ምንም አይፈይድም።

ሁለተኛው የጋራ ምክንያት አየሩ ነው። በተራው ሃርድ ዲስክ ውስጥ የማንበቢያው ራስ ከሚሽከረከረው ሳሕን በጥቂት ናኖሜትር ከፍ ብሎ በአየር ላይ ይንሳፈፋል፤ አየሩ ሲሳሳ ራሱ ወደ ሳሕኑ ይጠጋል፤ ማራገቢያውም የማቀዝቀዝ ኃይሉ ይደክማል። ብዙዎቹ አምራቾች የሚፈቅዱት የሥራ ከፍታ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። በ2,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የጉለሌ ቁልቁለት በዚህ ከፍታ አካባቢ ሲሆን፣ የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ የሚገኝበት 3,200 ሜትር ግን ከተፈቀደው ወሰን በላይ ነው። በዚህ ላይ የመብራት መቆራረጥ ሲጨመር፣ ሁሉም ዲስኮች በአንድ ቅጽበት ቆመው በአንድ ቅጽበት ይነሣሉ፤ የደከመ ዲስክም ብዙ ጊዜ የሚቀረው ሲነሣ ነው።

አደጋው የደረሰ እንደሆነ የመጀመሪያው ሥራ እጅን መሰብሰብ ነው። ብዙ ዲስኮች በአንድ ደቂቃ ከጠፉ፣ በቅድሚያ መጠርጠር ያለበት የጋራ ዕቃቸው፣ ማለትም ፓወር ሰፕላዩ፣ ገመዱና ተቆጣጣሪ ካርዱ ነው፤ ዲስኮቹ ደኅና ሊሆኑ ይችላሉና። ከዚያም እያንዳንዱ ዲስክ የነበረበት ቦታ ቁጥር ይጻፍበት። አዲስ ሬይድ ለመፍጠር የሚጋብዘውን ትእዛዝ ማንም አይንካ፤ የቀረውን ተስፋ የሚደመስሰው እርሱ ነው። ዲስኮቹ አንድ በአንድ ወደ ጤናማ ዲስክ ተገልብጠው፣ ጥገናው በቅጂው ላይ ብቻ ይካሄድ።

መከላከያው ግን ጋራውን ነገር መለያየት ነው። ዲስኮቹ ከተለያየ የምርት ዙር ይገዙ፤ ዕድሜያቸውም ይለያይ። ዩ.ፒ.ኤስ. ከጄኔሬተሩ በፊት ይታሰብ። ሁለተኛው ቅጂ በሌላ ሕንፃና በሌላ የመብራት መስመር፣ ለምሳሌ የጉለሌው በዝቅተኛው አቃቂ ይቀመጥ። ሦስተኛውም ከኮምፒዩተሩ ተነቅሎ ይቆለፍበት። ከሁሉም በላይ፣ ቅጂው በየዓመቱ በባዶ ሰርቨር ላይ ተመልሶ ይሞከር። ተመልሶ ያልተሞከረ ቅጂ ገና ተስፋ እንጂ መጠባበቂያ አይደለም፤ በሕክምና ካርዱ ቁጥር ተማምኖ በመስኮቱ ፊት የሚሰለፈው ሕዝብም በተስፋ ብቻ ሊስተናገድ አይገባውም።